ጥላቻ በትምህርት የሚገባ፣ በትምህርትም የሚወጣ ስለ መሆኑ
(የጁባ ከተማ ታሪክና የሲኒማ ምስክርነት)

ሕፃን ልጅ ሲወለድ ረኀብንና ብርድን ያውቃል፤ የጎረቤቱን ልጅ በመልኩ ወይም በነገዱ ምክንያት መጥላትን ግን አያውቅም። ይህን ከሌላ ሰው ይማረዋል። ትምህርቱም የሚሰጠው ሰሌዳና ጠመኔ ባለበት ስፍራ ብቻ አይደለም። በማዕድ ዙሪያ አባት ሲጫወት፣ በገበያ አንዱ ሌላውን በነገዱ ስም ሲሰድብ፣ በትምህርት ቤትም መምህሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሲያልፍ፣ ልጁ ዝም ብሎ ይሰማል፤ የሰማውንም ይይዛል። ከብዙ ዘመን በኋላ የያዘውን ነገር የገዛ ራሱ አሳብ አድርጎ ይናገረዋል።

እንግዲህ የጥላቻ ታሪክ የገዢዎችና የጦር አዛዦች ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአስተማሪዎችም ታሪክ ነው። አዛዡ ተኩስ ብሎ ያዝዛል፤ ነገር ግን ወታደሩ ጎረቤቱን እንደ ጠላት አይቶ ለመተኮስ የተዘጋጀው ትእዛዙ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ያዘጋጀውስ ማን ነው? በዚህ ትምህርት የታሰረውን ሰው ደግሞ ማን ሊፈታው ይችላል? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመሻት በዚህ ጽሑፍ ሁለት ምስክሮች ይጠራሉ። አንደኛው የጁባ ከተማ ታሪክ፣ ሁለተኛው ሲኒማ ነው። ታሪክ በአገር ላይ የሆነውን ይነግራል፤ ሲኒማ ግን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ልጅ ልብ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ያሳያል። አበው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ጉዳይ ይስማማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በነጭ ዓባይ ዳር

ሎሎጎ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ፣ በከተማይቱ ደቡባዊ ወገን፣ በነጭ ዓባይ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የባሪ ሕዝብ አገር ነው። ከዚሁ ሰፈር ወገን ተነሥቶ ወደ ማዶ ወደ ጉምቦ የሚሻገር፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራ፣ 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጻነት ድልድይ በ2022 ተመርቋል። የድልድዩ ሥራ በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በከተማይቱ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። በነዚያ ሁለት ጊዜያት ሠራተኞቹን ከሥራቸው ያባረራቸው የወንዙ ሙላት አልነበረም፤ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች በጠመንጃ መፈላለጋቸው ነበር።

ይህ መፈላለግ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከዛሬይቱ ጁባ አቅራቢያ፣ በወንዙ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ጎንዶኮሮ የሚባል የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ጣቢያ ነበር። ከካርቱም በጀልባ ይመጡ ከነበሩት ነጋዴዎች መካከል ቱርኮችና ግብፃውያን፣ ሰሜን ሱዳናውያንና አውሮፓውያንም ነበሩበት። ከአገሩም ሰው መካከል ጎረቤቱን ማርኮ የሸጠላቸው አልጠፋም። እንግዲህ የደቡብ ሰው ቁስል እውነተኛ ቁስል ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደ ተባለው፣ አንድ ጊዜ የተነደፈ ሕዝብ ቢፈራ አያስነቅፈውም።

ነገር ግን በእውነተኛ ቁስል ላይ የሚሰጥ ትምህርት ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መንገድ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ በስሙና በዘመኑ ለይቶ ያስተምራል። ሌላው መንገድ የነጋዴዎቹን በደል ወስዶ ገና ላልተወለዱ ልጆች ሁሉ ዕዳ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ታሪክ ይባላል፤ ሁለተኛው ጥላቻ ነው። በሱዳን ምድር ለብዙ ዘመን የተሠራበት ሁለተኛው ነው።

የተለያዩ ትምህርት ቤቶች

እንግሊዞች ከ1899 ጀምሮ ሱዳንን ከግብፅ ጋራ በስም በጋራ፣ በተግባር ግን በራሳቸው ሲያስተዳድሩ ደቡቡን ከሰሜኑ ለዩት። በ1922 በወጣ ሕግ ደቡቡ ያለ ፈቃድ የማይገባበት የተዘጋ አውራጃ ተባለ። በ1928 ከጁባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሬጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ፣ የደቡብ ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በዲንካ፣ በባሪ፣ በኑዌር፣ በላቱካ፣ በሺሉክ፣ በዛንዴና በሌሎችም የአገሩ ቋንቋዎች እንዲማሩ ተወሰነ። በ1930 ደግሞ የመንግሥቱ ዋና ጸሐፊ ሐሮልድ ማክማይክል ባወጡት መመሪያ የሰሜን ነጋዴዎች ቀስ በቀስ ከደቡብ እንዲወጡ፣ የዓረብኛ ቋንቋም እንዲቀር ተደረገ።

ልጅ በእናቱ ቋንቋ መማሩ መልካም ነገር ነው፤ የትምህርት ሊቃውንትም ይመሰክሩለታል። በሬጃፍ የተፈጸመው ስሕተት ቋንቋዎቹን መምረጥ አልነበረም። ስሕተቱ ቋንቋው ለልጁ መስኮት ሳይሆን ግድግዳ እንዲሆን መታሰቡ ነው። የደቡብ ልጅ በሚስዮን ትምህርት ቤት፣ የሰሜን ልጅ በዓረብኛ ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ ሁለቱ አንድም ቀን በአንድ ወንበር ሳይቀመጡ አደጉ። አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ሆነ። በሰሜን የደቡብ ሰው «ዓቢድ»፣ ማለት ባሮች፣ እየተባለ ይሰደብ ነበር። በደቡብ ደግሞ የነጋዴ ስም የነበረው «ጃላባ» የሚለው ቃል የሰሜን ሰው ሁሉ መጠሪያና መጠርጠሪያ ሆነ። ሁለቱ ቃላት ያለ መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ሁለት አጫጭር ትምህርቶች ነበሩ።

በጁን 1947 የሰሜንና የደቡብ ሰዎች ከእንግሊዝ ሹማምንት ጋራ በጁባ ተሰብስበው ስለ አገሪቱ አንድነት ተነጋገሩ። ለሃያ አምስት ዓመት የተለያየውን ሕዝብ ሁለት ቀን በፈጀ ጉባኤ ማስተዋወቅ ግን የሚቻል አልነበረም። በኦገስት 1955 የደቡብ ወታደሮች በቶሪት አመፁ፤ ሱዳን በጃንዋሪ 1956 ነጻ ስትወጣ ደቡቡ በደም ተነክሮ ነበር።

አዲሱ መንግሥት የእንግሊዞችን ስሕተት በተቃራኒው ስሕተት ሊያርም ሞከረ። በ1957 የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን ወሰደ። በ1960 የደቡቡ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ እንዲዛወር አደረገ፤ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን አቁመው ተቃወሙ። በ1964 የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሁሉ ከደቡብ ተባረሩ። ትናንት ከሰሜኑ የለየው ትምህርት ቤት ዛሬ የሰሜኑን መልክ በግድ የሚያለብስ ሆነ። ሁለቱም መንግሥታት ልጁን እንደሚቀረጽ ዕንጨት አዩት እንጂ እንደሚጠይቅ ሰው አላዩትም። በጁላይ 1965 የመንግሥት ወታደሮች በጁባ ከተማ ሌሊት ወጥተው ቤት አቃጠሉ፤ ብዙ ሰላማዊ ሰዎችንም ገደሉ። በዚያች ሌሊት ከተማይቱ የአንድ ትውልድ ትምህርት ፍሬ አየች።

የአዲስ አበባ ወረቀት

በፌብሩዋሪ 1972 የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ተዋጊዎች በአዲስ አበባ ተስማሙ። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አስታራቂዎች ሆኑ፤ ቀዳማዊ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም ነገሩ እንዳይፈርስ በሥልጣናቸው ረዱ። በስምምነቱ ደቡቡ በጁባ የሚቀመጥ የራሱ አስተዳደር አገኘ፤ እንግሊዝኛም የደቡቡ የሥራ ቋንቋ ሆነ። በ1975 የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ሰላም ሆነ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ የጠመንጃ ድምፅ ሳይሰማ ፊደል ለመቁጠር ችሏል።

ይሁን እንጂ ስምምነቱ የጠመንጃውን ጉዳይ ሲጨርስ የልቡን ጉዳይ እንዳለ ተወው። የሰሜኑ ትምህርት ቤት ስለ ደቡብ፣ የደቡቡም ስለ ሰሜን የሚያስተምረው ነገር በወረቀቱ አልተለወጠም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰሜኑ ሲርቅ ጥላቻው ሌላ ማረፊያ ፈለገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጁባ «ኮኮራ» የሚል ቃል ተነሣ፤ በባሪ ቋንቋ መከፋፈል ማለት ነው። የኤኳቶሪያ አውራጃ ሰዎች የዲንካ ተወላጆች ሹመቱን ሁሉ ወስደውብናልና ወደየአገራቸው ይሂዱ አሉ። የመንግሥቱ መሪ ጃዕፋር ኒሜሪም በ1983 ደቡቡን በሦስት ከፋፍለው የአዲስ አበባውን ስምምነት አፈረሱ። ትናንት በአንድ ስም ይሰደቡ የነበሩት ወንድማማቾች ስድቡን እርስ በርሳቸው ተማማሩት። በ1991 የነጻ አውጪው ጦር ለሁለት ሲከፈል በቦር አካባቢ ብዙ የዲንካ ሰዎች ተገደሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መምህራን ሁሉ ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። ጥላቻ አንድን ሕዝብ ብቻ የሚመለከት ስሜት መስሎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የአስተሳሰብ ልማድ ነው። ሰውን ሳያውቁ በወገኑ መፍረድን አንድ ጊዜ የተማረ ሰው ጠላቱ ቢጠፋበት ሌላ ጠላት ያገኛል። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነጻ ወጣች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2013፣ በጁባ የፕሬዚዳንቱ ዘብ ጦር ለሁለት ተከፍሎ ተዋጋ። ከዚያም በኑዌር ሕዝብ ላይ ግድያ ተፈጸመ። በጎዳና ላይ ሰው በዲንካ ቋንቋ እየተጠየቀ፣ መመለስ ያልቻለው ይለይ እንደ ነበር ከሞት የተረፉት መስክረዋል። በሬጃፍ የሕፃናት መማሪያ እንዲሆን የተመረጠው ቋንቋ በ85 ዓመቱ የሞትና የሕይወት ፈተና ሆነ። በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ጉባኤ መግለጫ በ2015 ወጣ፤ ግድያው በዘፈቀደ የተደረገ እንዳልነበረ መሰከረ። በ2014 ደግሞ በቤንቲዩ ከተማ ተቃዋሚዎቹ ራዲዮ ጣቢያውን ይዘው በሌላው ነገድ ላይ ቂም የሚቀሰቅስ ቃል አሰሙ። ሁሉም ወገን አንዱን መጽሐፍ ተምሮታልና።

ሲኒማ የጥላቻ መምህር በሆነ ጊዜ

ራዲዮው በቤንቲዩ የሠራውን ሲኒማ ከዚያ በፊት መቶ ዓመት ቀድሞ በሌላ አገር ሠርቶታል። በ1915 በአሜሪካ ዴቪድ ዎርክ ግሪፍዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለውን ፊልም አወጡ። ፊልሙ በአሠራር ጥበቡ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። በይዘቱ ግን ጥቁሮችን አስፈሪ አውሬዎች፣ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ነፍሰ ገዳይ ማኅበር ደግሞ አገር አዳኝ አድርጎ ያሳይ ነበር። ከጥቁሮቹ ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹን የተጫወቱት ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮች ናቸው። ፊልሙ በፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ዘመን በዋይት ሐውስ ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በጆርጂያ ክፍለ አገር፣ በስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ፣ ጠፍቶ የነበረው ማኅበር እንደ ገና ተቋቋመ፤ በ1920ዎቹም አባላቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆኑ። የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር ፊልሙን በየከተማው ተቃውሞ ነበር፤ ነገር ግን ከሰልፍ ይልቅ ሥዕል ፈጥኖ ይሄዳል።

ይህ ምስክርነት ለሲኒማ ውርደት ነው። ሆኖም ኃይሉን ያስረዳል። ተመልካቹ ከወንበሩ ሳይነሣ ያላገኘውን ሰው ለመፍራት፣ የማያውቀውን ሰው ለመጥላት ተማረ። ይህን ያህል ማስተማር የሚችል መሣሪያ ማስረሳትም ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

የማዕዱና የልብስ ማጠቢያው ትምህርት

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሞከሩት ፊልሞች አንዱ በ1998 የወጣው «አሜሪካን ሂስትሪ ኤክስ» ነው። አዘጋጁ ቶኒ ኬይ ሲሆኑ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኤድዋርድ ኖርተን ተጫውተውታል። በሎስ አንጀለስ የሚኖር ዴሬክ የሚባል ወጣት የዘረኞች ቡድን መሪ ይሆናል፤ ሁለት ጥቁሮችን ገድሎም ይታሰራል። ታናሽ ወንድሙ ዳኒ የወንድሙን ፈለግ ይከተላል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዶክተር ስዊኒ ጥቁር ሰው ናቸው። ዳኒ የሂትለርን መጽሐፍ የሚያወድስ ድርሰት በጻፈ ጊዜ ከትምህርት ቤት ከማባረር ይልቅ ስለ ወንድሙ ታሪክ እንዲጽፍ ያዝዙታል።

ተመልካቹ ዴሬክ ጥላቻን የተማረው አባቱን ጥቁር ሰው ስለ ገደለበት ነው ብሎ ያስባል። ፊልሙ ግን ወደ መጨረሻው ሲደርስ ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ቀን ያሳያል። አባቱ ገና በሕይወት ሳለ ቤተ ሰቡ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጧል። ዴሬክ በዶክተር ስዊኒ ክፍል የተማረውን የጥቁሩን ደራሲ የሪቻርድ ራይትን ልብ ወለድ እያደነቀ ይናገራል። አባቱ አይቆጣም፤ አይጮኽም። እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ለስላሳ በሆነ ቃል መጽሐፉን ያጣጥለዋል፤ በሥራ ቦታውም ጥቁሮች ያለ ችሎታቸው እንደ ተቀጠሩ ይነግረዋል። ልጁ በመጀመሪያ ይጠራጠራል፤ በኋላ ራሱን ነቅንቆ ይስማማል። ትምህርቱ አለቀ። ሞቱ በኋላ የመጣ ማረጋገጫ ብቻ ነበር። ዘሩ የተዘራው በፍቅር ማዕድ ላይ፣ በሚወደድ አባት አፍ ነው። ስለዚህ ጥላቻን ጨካኞች ብቻ ያስተምሩታል ማለት ታላቅ ስሕተት ነው።

ዴሬክ ትምህርቱን የሚተወውም በስብከት አይደለም። በእስር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ከአንድ ጥቁር እስረኛ ጋራ አንሶላ እያጠፈ ይውላል። በመጀመሪያ አያናግረውም፤ ቀኑ ሲረዝም ግን ጥቁሩ ያስቀዋል። ቴሌቪዥን ሰርቆ ስድስት ዓመት እንደ ተፈረደበት ሲሰማ የራሱን ሦስት ዓመት ያስባል፤ ከገዛ እጁ ሥራ ጋራ ያመዛዝነዋል። ዶክተር ስዊኒም ሊጠይቁት ሲመጡ የፈጸመው ሁሉ ኑሮውን አሻሽሎለት እንደሆነ ይጠይቁታል እንጂ አይወቅሱትም። እንግዲህ የፈቱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን መሥራትና በእውነት የተጠየቀ ጥያቄ።

ፊልሙ ግን ተመልካቹን አያታልልም። ዴሬክ ተመልሶ ወንድሙን ሊያድን ሲጣጣር፣ ዳኒም ድርሰቱን ጽፎ ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ አንድ ጥቁር ተማሪ በጥይት ይገድለዋል። ሌላውም ልጅ የራሱን ትምህርት ከሆነ ስፍራ ተምሮ ነበር። አንድ ሰው መጸጸቱ የዘራውን ሁሉ አያስመልስለትም፤ ወቅቱ ያለፈበት ትምህርት ዋጋው ከባድ ነው። ይህም የጁባን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

የአንዲት መምህርት ሁለት ቀን

ከልብ ወለዱ ቀጥሎ እውነተኛ የመማሪያ ክፍል የሚያሳይ ፊልም አለ። በኤፕሪል 1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ማግስት፣ በአሜሪካ በአይዋ ክፍለ አገር፣ ራይስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጄን ኤሊየት የሚባሉ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ሁሉም ነጮች የሆኑትን ተማሪዎቻቸውን በዐይናቸው ቀለም ለሁለት ከፈሉ። በመጀመሪያው ቀን ለአንዱ ወገን የበላይነት ሰጡ፤ በሚቀጥለው ትምህርት ነገሩን ገለበጡት። በ1970 የተሠራው «የማዕበሉ ዐይን» የተባለው ፊልም ይህንኑ ትምህርት በኋላ በመጡ ተማሪዎች ላይ ሲደገም ያሳያል። ጠዋት ጓደኛሞች የነበሩት ልጆች ገና ቀኑ ሳይመሽ በዐይን ቀለም ተሰዳደቡ፤ ተደባደቡም። የበታች የተባሉት ልጆች የንባብ ካርዶቻቸውን ከወትሮው ይልቅ ዘግይተው ጨረሱ፤ የበላይ በተባሉ ጊዜ ደግሞ ፈጠኑ። በ1985 የወጣው «የተከፈለ ክፍል» የተባለው ፊልም እነዚያኑ ልጆች ካደጉ በኋላ ሰብስቦ ያሳያል፤ ብዙዎቹ ትምህርቱ ዕድሜ ልካቸውን እንደ ጠቀማቸው ተናግረዋል።

በርግጥ ይህ አሠራር ሕፃናትን ያለ ፈቃዳቸው ያሳዝናል ተብሎ ተነቅፏል፤ ነቀፌታውም ቀላል አይደለም። ማንም መምህር ሳያመዛዝን ሊኮርጀው አይገባም። ነገር ግን ፊልሙ ያሳየው ነገር አይካድም። ጥላቻን ለማስተማር አንድ ቀንና የመምህር ሥልጣን ይበቃሉ። ተማሪው የመምህሩን ቃል ያምናልና፤ የተናቀም ልጅ ንቀቱን አምኖ ፊደሉ ይጠፋበታል።

በአፍሪካ ሸራ ላይ

አፍሪካውያንም በራሳቸው ፊልም ነገሩን መርምረዋል። በ2014 ሱዳናዊው ሐጁጅ ኩካ ያዘጋጁት «የአንቶኖቭ ምት» የተባለው ፊልም የብሉ ናይልንና የኑባ ተራሮችን ሰዎች ያሳያል፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በቶሮንቶ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የአንቶኖቭ አውሮፕላን ቦምብ ከሚጥልበት ስፍራ ስደተኞቹ ክራር የመሰለውን ራባባ እየመቱ ይዘፍናሉ። በዘፈኑ መካከል ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሱዳናዊ ማን ነው? ጥቁር ሆኖ ሳለ ራሱን ዓረብ ብቻ እንዲል የተማረ ሰው የሚጠላው ማንን ነው? ፊልሙ የሚያስረዳው ይህ ሰው በጎረቤቱ ፊት ላይ የሚጠላው የገዛ አያቱን መልክ መሆኑን ነው። በጁባም በ2016 የተመሠረተው የፊልም ፌስቲቫል የአገሩ ወጣቶች ስለ ራሳቸው የሠሩትን ሥዕል ራሳቸው እንዲያዩት ዕድል ከፍቷል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሁሉ የሚቀርበው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። በ2008 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ጉባኤ የመጀመሪያውን ሽልማት ተቀብሏል። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር በዚያው በጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ ከመስኮት ይወረወራል፤ አካሉ ጎድሎም ወደ መንደሩ ይመለሳል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች በዚህ ጊዜ ከተደበደበው ወገን ሆኖ ያዝናል፤ ማዘኑም ትክክል ነው። አባቶቹ በ1937 የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት ያወጣውን የዘር ልዩነት ሕግ በአገራቸው ላይ ያዩ ናቸውና።

ይሁን እንጂ መስታወት የሌላውን ፊት ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መስታወት አይደለም። በኢትዮጵያ ባርነት በ1942 በወጣው አዋጅ በሕግ ተደምስሷል። የባርነቱ ቃላት ግን በአዋጁ አልተደመሰሱም። በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩትን ሕዝቦች በቀለማቸው ምክንያት የሚያዋርዱት ስሞች በብዙ ቤት ማዕድ ላይ ያለ ቁጣ፣ እንዲያውም በሳቅ፣ ሲነገሩ ኖረዋል። በካርቱም «ዓቢድ» የሚለው ቃል የሠራውን ሥራ እነዚህም ቃላት በደጋው አገር ሠርተዋል። የኑዌርና የአኙዋ ልጆች በሚማሩበት በጋምቤላ ከደጋ ሄደው ያስተማሩ መምህራን ብዙዎች ናቸው፤ ከ2013 በኋላም ከጁባና ከሌላውም የደቡብ ሱዳን ክፍል የሸሹ ስደተኞች በዚያው ክልል ተጠልለዋል። ግንባሩ በኑዌር ባህል የተተለተለ ልጅ በክፍሉ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የመምህሩን ዐይን ያያል። ዐይኑ የሚነግረው ነገር በዚያ ቀን የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

የመምህሩ ድርሻ

በኦገስት 2015 የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች የሰላም ውል ፈረሙ፤ በጁላይ 2016 ፈረሰ። በሴፕቴምበር 2018 እንደ ገና በአዲስ አበባ ፈረሙ። ወረቀት ያስፈልጋል፤ የጠመንጃን አፍ የሚዘጋ እርሱ ነውና። ከ1972 ጀምሮ የታየው ግን ወረቀት ብቻውን የልብን ትምህርት እንደማይለውጥ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2015 አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አውጥታ የአገሩን ቋንቋዎች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መማሪያ አድርጋለች። ይህ የሬጃፍን ውሳኔ የሚመስል ግን ሊበልጠው የሚችል ነገር ነው። የባሪ ልጅ ባሪኛ ከተማረ በኋላ የዲንካውን ዘፈን፣ የኑዌሩን ተረት እንዲሰማ ከተደረገ ቋንቋው መስኮት ይሆናል፤ ካልተደረገ ግን ግድግዳው ይመለሳል።

ከታሪኩና ከፊልሞቹ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የሚቀረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በክፍል ውስጥ የነገድ ስድብ ሲነገር ዝም ማለት ማስተማር ነው። በደልን መደበቅም ሆነ በደሉን ለሕዝብ ሁሉ ማካፈል ታሪክ አይባልም፤ የጎንዶኮሮው ገዢም ሻጭም በስሙ ይጠራ። ልዩ ልዩ ወገን የሆኑ ልጆች ስለ ፍቅር ንግግር ከሚሰሙ ይልቅ አንድ የአትክልት ቦታ ቢኮተኩቱ፣ በአንድ ጨዋታ ቢላቡ ይበልጥ ይተዋወቃሉ። የተሳሳተውን ልጅ ከማባረር በፊት እንደ ዶክተር ስዊኒ ወረቀትና ጥያቄ መስጠት ይገባል። ልጁ ከቤቱ ማዕድ የተማረውን መምህሩ በአንድ ቀን ሊነቅልለት አይችልም፤ ነገር ግን ሌላ ማዕድ እንዳለ ሊያሳየው ይችላል።

የሎሎጎው ድልድይ ሥራው እየተቋረጠም ቢሆን በመጨረሻ ተጨረሰ። ዛሬ የሚሻገሩበት ሰዎች የአንዱን ወይም የሌላውን ነገድ ቋንቋ እየተናገሩ ያልፋሉ፤ ድልድዩም ማንንም አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ድልድይ በብረትና በሲሚንቶ ይሠራል። እንደ ገና ውጊያ እንዳይደርስበት የሚጠብቀው ግን በሁለቱም ዳርቻ ባሉት ትምህርት ቤቶች በየጠዋቱ የሚሰጠው ትምህርት ነው።